አነስተኛ ካቢኖች በነጠላ ሐዲድ ላይ፦ የብዙኃን ትራንስፖርትን ይተካሉን?

የከተማ ትራንስፖርት ችግርን ለማቃለል በየጊዜው ከሚቀርቡ አማራጮች አንዱ፣ ከመንገድ በላይ በተዘረጋ ነጠላ ሐዲድ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ላይ ያለ ሹፌር የሚጓዙ አነስተኛ ካቢኖችን መጠቀም ነው። ሥርዓቱ በውጭው ዓለም «ፐርሰናል ራፒድ ትራንዚት»፣ በምኅጻረ ቃል ፒ.አር.ቲ. በመባል ይታወቃል። ካቢኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰው የሚይዝ ሲሆን በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል፤ የሚነሣውም በተወሰነ ሰዓት ሳይሆን ተሳፋሪ ሲጠራው ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ በሚቀርብ አነጋገር ለመግለጽ፣ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ኮንትራት ታክሲ ነው ማለት ይቻላል። ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም፤ በየፌርማታው አይቆምም፤ ተሳፋሪውን ከተነሣበት ጣቢያ ወደሚወርድበት ጣቢያ በቀጥታ ያደርሳል።

ሐሳቡ ብዙዎችን የሚማርክበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጠዋት በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ ረጅም ሰልፍ ይዞ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሠራተኛ፣ መጠበቅም መጋፋትም የሌለበት ጉዞ ትልቅ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መስመር የሚገነባው ከሕዝብ በሚሰበሰብ ገንዘብ በመሆኑ፣ ተስፋው የቱን ያህል እንደሚፈጸም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ50 ዓመት በላይ የተከማቸው የዓለም ልምድ የሚያስረዳው ካቢኖቹ በቴክኒክ ረገድ በትክክል የሚሠሩ መሆናቸውን ነው። የከተማን ዋና መስመር ተክቶ ብዙ ሕዝብ ያጓጓዘ ግን እስካሁን አልታየም። ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ ከባድ የምሕንድስና ዕውቀት አያስፈልግም፤ ቀላል ስሌት ይበቃል።

የሐሳቡ አመጣጥና አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1953 ኤድዋርድ ሃልቶም የተባለ አሜሪካዊ ለዳላስ ከተማ ታስቦ የነበረን የሞኖሬል ዕቅድ ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። ትልቅ ባቡር ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚወስድበት በሁለት ባቡሮች መካከል ሰፊ የጊዜ ክፍተት መኖር አለበት። በዚህ የተነሣ በቂ ሕዝብ ለማጓጓዝ ባቡሩ ትልቅ መሆን ይገባዋል፤ ባቡሩ ሲከብድ ደግሞ ተሸካሚው ምሰሶና ድልድይ ሁሉ ይከብዳል፤ ዋጋውም ይንራል። ይህ ከባድ ድልድይ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን የሚቆም መሆኑ ብክነት ሆኖ ታየው። ትልቁን ባቡር በብዙ ትንንሽ ካቢኖች ከፋፍሎ በአጭር ጊዜ ልዩነት መላክ ቢቻል፣ ሐዲዱ ቀላልና ርካሽ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዶን ፊክተር የተባለ የከተማ ትራንስፖርት ባለሙያ ተመሳሳይ ሐሳብ ለብቻው ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር።

ሐሳቡን ወደ ተግባር ለመለወጥ ግን የቅርንጫፍ ጉዳይ መፈታት ነበረበት። በጀርመን ዉፐርታል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የሚያገለግለው ተንጠልጣይ ሞኖሬል 13.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስመር ነው፤ ቅርንጫፍ የለውም። በምሰሶ ላይ ተቀምጠው በሚሄዱት ሞኖሬሎችም ቢሆን ባቡሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዲሻገር ከተፈለገ የኮንክሪቱ ወይም የብረቱ አግዳሚ ራሱ ተነሥቶ መዞር ይኖርበታል፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል። ካቢኖች በጥቂት ሰከንድ ልዩነት በሚከታተሉበት መስመር ይህ የማይታሰብ በመሆኑ፣ መሐንዲሶቹ ማዞሪያውን ከሐዲዱ አውርደው በካቢኑ ላይ አደረጉት። ሐዲዱ ሳይንቀሳቀስ ካቢኑ ራሱ ቀኙን ወይም ግራውን ጠርዝ ይዞ ይታጠፋል።

ሌላው የሥርዓቱ መሠረት ጣቢያው ከዋናው መስመር ገለል ብሎ መሠራቱ ነው። የሚወርድ ሰው ያለበት ካቢን ብቻ ወደ ጣቢያው ሲገባ የቀሩት ሳይቆሙ ያልፋሉ። ተሳፋሪው ጣቢያ ሲደርስ በሰሌዳ ላይ መድረሻውን ይመርጣል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ካቢን ካለ ወዲያው ይገባል፤ ከሌለ ማእከላዊው ኮምፒውተር በአቅራቢያ ያለ ባዶ ካቢን ይልክለታል። አብሮት የሚሳፈረው ራሱ የመረጠው ሰው ብቻ ነው። ባዶ ካቢኖችን ሰው ወደሚፈልጋቸው ጣቢያ አስቀድሞ ማሰማራት ቀላል ቢመስልም፣ ጠዋት ሁሉም ወደ መሀል ከተማ በሚሄድበት ሰዓት የካቢኖቹ ግማሽ ያህል ባዶአቸውን ወደ ዳር ሲመለሱ መዋላቸው አይቀርም።

ስሌቱ

አንድ መስመር በአንድ አቅጣጫ በሰዓት ስንት ሰው ያሳልፋል የሚለው ጥያቄ በማንኛውም የብዙኃን ትራንስፖርት ውሳኔ ቀዳሚ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ካቢን በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ተሳፋሪውን ሳያንገላታ ለመቆም ከ4 ሰከንድ በላይ ያስፈልገዋል። በባቡር ደኅንነት ደንብ ደግሞ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ግድግዳ እንደተላተመ በድንገት ቢቆም እንኳ ከኋላ ያለው ሳይነካው መቆም መቻል አለበት። በዚህ ምክንያት በካቢኖች መካከል የሚኖረው ልዩነት በአንድ ሰከንድ ሊወሰን ይችላል የሚሉ ዕቅዶች በወረቀት ላይ ቢበዙም፣ የደኅንነት ፈቃድ የሚሰጡ አካላት በቀላሉ የሚቀበሏቸው አይደሉም።

ለምሳሌ ያህል የ3 ሰከንድ ልዩነት ተፈቀደ እንበል። በሰዓት 1,200 ካቢን ያልፋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ካቢን 4 ሰው ይዞ ቢሞላ 4,800 ሰው ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ነው። ነገር ግን የሥርዓቱ ተስፋ ሰው ለብቻው ወይም ከወዳጁ ጋር ብቻ እንዲሄድ ነበር። ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ስለሆነ፣ በካቢን በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ቢገኝ በሰዓት የሚያልፈው 1,800 ሰው ብቻ ነው። በአንጻሩ 250 ሰው የሚይዝ ቀላል ባቡር በየ4 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 3,750 ሰው ያሳልፋል፤ ሁለት ባቡር ተቀጣጥሎ ቢሄድ ደግሞ 7,500።

ካቢኑን ለመሙላት ቢታሰብስ? ወደ አንድ ጣቢያ የሚሄዱ አራት ሰዎች እስኪገናኙ ድረስ አንዱ ሌላውን መጠበቅ አለበት፤ ከማያውቀው ሰው ጋርም ይሳፈራል። ያን ጊዜ ካቢኑ ከኮንትራትነት ወደ ውይይት ታክሲነት ይለወጣል። ሥርዓቱ የሚወደስባቸው ሁለቱ ጥቅሞች፣ አለመጠበቅና ለብቻ መጓዝ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሁለቱም በአንድነት ይጠፋሉ፤ አገልግሎቱ ይበልጥ የሚፈለገው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ጣቢያውም የራሱ ወሰን አለው። አንድ ካቢን በር ከፍቶ፣ ሰው አውርዶና አሳፍሮ እስኪነሣ 30 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ 6 መቆሚያ ያለው ጣቢያ በሰዓት ከ720 በላይ ካቢን ሊያስተናግድ አይችልም፤ በአንድ ሰው ተኩል ሂሳብ 1,080 ሰው ማለት ነው። በአንድ ትልቅ የመናኸሪያ አደባባይ ጠዋት የሚሰበሰበውን ሕዝብ ለማንሣት የሚያስፈልገው የጣቢያ ስፋት አደባባዩን ራሱን ሊሸፍነው ይችላል።

በሞርጋንታውን የታየው

ይህ ስሌት በተግባር ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ቦታ በተሻለ የሚታየው በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው ሞርጋንታውን ነው። ከተማዋ ኮረብታማ፣ መንገዶቿም ጠባብ ናቸው። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተራርቀው ስለሚገኙ ተማሪዎች በክፍለ ጊዜ መካከል ከግቢ ወደ ግቢ በአውቶቡስ ሲመላለሱ ትራፊኩ ፈጽሞ ይዘጋ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የ4 ኪሎ፣ የ5 ኪሎና የ6 ኪሎ ግቢዎች ለሚያውቅ ሰው ሁኔታው እንግዳ አይሆንም። ሳሚ ኤልያስ የተባሉ የዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ፕሮፌሰር ጉዳዩን አንሥተው በመከራከር የፌዴራሉን መንግሥት ድጋፍ አስገኙ።

ግንባታው ከመጀመሪያው በጥድፊያ የተያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በፊት ለሕዝብ እንዲታይ ስለተፈለገ ንድፉ ሳያልቅ ሥራው ተጀመረ። ወጪውም ከመጀመሪያው ግምት ብዙ እጥፍ ሆነ። ለወጪው መናር ከጥድፊያው ሌላ የክረምቱ በረዶም ድርሻ ነበረው፤ የጎማ እግር ያላቸው ተሽከርካሪዎች እንዳይንሸራተቱ የኮንክሪቱ መተላለፊያ ከሥር የሚሞቅ ሆኖ ተሠርቷል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1975 ለተሳፋሪ ተከፈተ፤ በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይም ወደ 5 ጣቢያዎች አደገ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 70 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች እስከ 48 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዙበታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሞርጋንታውን ተሽከርካሪ 8 መቀመጫ ያለው ሆኖ የቆሙትን ጨምሮ 20 ሰው ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ በስም እንጂ በግብር «የግል» አይደለም። በሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ልዩነትም 15 ሰከንድ ነው። ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ተማሪው መድረሻውን ሲመርጥ ተሽከርካሪ ይመደብለታል፤ ቢዘገይም አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ሌላ ሰው ባይመጣም ይነሣል። ትምህርት ክፍሎች በሚለዋወጡበት ሰዓት ግን ኮምፒውተሩ ጥሪ መቀበሉን ትቶ ተሽከርካሪዎቹን በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ ያሰማራቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሰው ሲበዛ የዓለም ትልቁ የ«ግል» ሐዲድ እንደ አውቶቡስ ይሠራል። የተሳካለትም በዚህ ነው። በትምህርት ቀናት 15,000 ያህል መንገደኞችን በማመላለስ ከተከፈተ ግማሽ ምእት ዓመት ሊያስቆጥር የቻለው ችግሩ በሚጠይቀው መጠን ስለተለወጠ ነው።

ሌሎቹ ተሞክሮዎች

በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተርሚናል 5ን ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ጋር የሚያገናኝ 3.9 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ አለ። 21 ካቢኖች ያሉት ሲሆን እያንዳንዳቸው 4 ሰው ከነሻንጣው ይይዛሉ፤ በባትሪ ይሠራሉ፤ ጉዞው 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በአግባቡ የሚሠራና በተጠቃሚዎቹ የሚወደድ አገልግሎት ነው። ይሁንና የሚያገለግለው በመኪና ማቆሚያው ለከፈሉ ሰዎች መሆኑንና በሦስት ጣቢያ መወሰኑን መርሳት አይገባም። ወደ ሌሎቹ ተርሚናሎች የማስፋፋት ዕቅድ ተነሥቶም አልተፈጸመም።

በአቡ ዳቢ የማስዳር ከተማ ሲነደፍ ነዋሪው ከመሬት ከፍ ባለ ወለል ላይ እንዲኖር፣ ካቢኖቹም ከሥር እንዲመላለሱና መኪና ጨርሶ እንዳይገባ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ግን ሁለት የመንገደኛ ጣቢያዎችን የሚያገናኝ አጭር መስመር ነው። የቀረውን ከተማ በሙሉ በምሰሶ ላይ ማቆም እጅግ ውድ ሆኖ በመገኘቱና በጎዳና ላይ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች እየተሻሻሉ በመምጣታቸው ዕቅዱ በዚያው ቆሟል። በደቡብ ኮሪያ ሱንቾን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ 4.6 ኪሎ ሜትር መስመር ጎብኚዎችን ከትልቅ የአትክልት ስፍራ ወደ ባሕር ዳር ረግረግ ያደርሳል፤ ዓላማው የወፎቹን መኖሪያ ከመኪና መጠበቅ ነው።

ሳይገነቡ የቀሩት ከእነዚህ ይበዛሉ። በጀርመን ሃገን ከተማ በ1970ዎቹ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ከላይም ከሥርም ካቢን የሚያስኬድ መስመር ተሠርቶ ለዓመታት ተፈትኗል፤ ለሃምቡርግ ከተማ የታሰበው መስመር ግን በበጀት ቅነሳ ምክንያት ሳይጀመር ቀረ። በፓሪስ «አራሚስ» የተባለው ፕሮጀክት ከ15 ዓመት በላይ ጥናት ተደርጎበት እ.ኤ.አ. በ1987 ተዘጋ። በቺካጎ አቅራቢያ በሮዝሞንት ሊሠራ ታስቦ የነበረው ደግሞ በሙከራው ሂደት ካቢኑ እየከበደ፣ መተላለፊያውም እየሰፋና ዋጋው እየጨመረ ሄዶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተትቷል። ሃልቶም ሊሸሸው የሞከረው የክብደትና የዋጋ ችግር በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2014 በማግኔት ኃይል ተንሳፍፈው የሚሄዱ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ ተንጠልጣይ ካቢኖች የሙከራ መስመር ቴል አቪቭ አጠገብ እንደሚሠራ ተነግሮ ነበር፤ አልተሠራም። የአካባቢው ነዋሪ፣ በፔታሕ ቲክቫ የሚኖሩትን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጨምሮ፣ ዛሬ የሚሳፈረው እ.ኤ.አ. በ2023 በተከፈተውና እስከ ባት ያም በሚዘልቀው ቀላል ባቡር ነው።

አነስተኛ ካቢን የሚጠቅምበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ትንሽ ካቢን ለከተማ ትራንስፖርት አይጠቅምም ማለት አይቻልም። በኮሎምቢያ ሜዴሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የገመድ መስመር የሚጠቀመው 10 ሰው የሚይዙ ካቢኖችን ነው፤ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ እስከ 3,000 ሰው ያጓጉዛል። የዋናውን ባቡር ቦታ ለመያዝ አልሞከረም። አውቶቡስ በቀላሉ በማይወጣው ገደላማ ኮረብታ ላይ የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎችን እያወረደ ወደ ከተማው ባቡር ጣቢያ ያደርሳቸዋል፤ የጉዞ ቲኬቱም የተያያዘ ነው። ሥራው መጋቢነት ነው፤ የካቢኑ ትንሽነትም ለዚህ ሥራ ይስማማል።

አዲስ አበባም ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጉ ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች አሏት። በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚታየው መጨናነቅ የሚቃለለው ባቡሮች በብዛትና በተደጋጋሚ እንዲመጡ በማድረግ፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ በማዘጋጀትና እነዚህን ሁሉ በእግረኛ መንገድ በማገናኘት ነው። ካቢን ሊታሰብ የሚገባው በተወሰነ ቅጥር ውስጥ፣ ተሳፋሪው መካከለኛ ቁጥር ባለውና ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ በሚመጣበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በትልቅ ሆስፒታል ግቢ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርክ።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ለሕዝብ ውይይት በሚቀርብበት ጊዜ ነዋሪዎች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የተገለጸው የተሳፋሪ ቁጥር የተሰላው ካቢኑ ሙሉ ሆኖ ነው ወይስ ሰው እንደሚሄድበት ሁኔታ? በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው፣ ሕፃን የያዘች እናትና ከገበያ ዕቃ ይዞ የሚመለስ ሰው ያለ ረዳት ከፍ ካለው ጣቢያ የሚደርሱት በምንድን ነው? አሳንሰሩ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ካቢኑ በሁለት ጣቢያ መካከል፣ ከመሬት 6 ወይም 7 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው የሚወርድበት መተላለፊያ ተሠርቷል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ችላ የሚባል አይደለም፤ ከሐዲዱ ጎን የእግር መተላለፊያ ሲጨመር «ቀላል» የተባለው ግንባታ ስፋቱም ክብደቱም ይጨምራል፤ በሥዕል ላይ የሚታየው ቀጭን ሐዲድም መልኩ ይለወጣል።

የመለዋወጫ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። አውቶቡስና ቀላል ባቡር ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቷቸዋል፤ አንዱ ቢዘጋ ከሌላው መግዛት ይቻላል። የካቢን ሥርዓቶች ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ኩባንያ የተነደፉ ናቸው፤ የአንዱ ካቢን በሌላው መተላለፊያ ላይ አይሄድም። በሞርጋንታውን ተሽከርካሪዎቹን የሠራው ቦይንግ ከዘርፉ ከወጣ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ከገበያ የጠፉ ክፍሎችን የዩኒቨርሲቲው የጥገና ሠራተኞች በየጊዜው ራሳቸው ለመተካት የተገደዱ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ቴክኖሎጂ የተመሠረተውን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት በአዲስ ለመለወጥም ዩኒቨርሲቲው የብዙ ዓመታት ሥራና ከፍተኛ በጀት መመደብ አስፈልጎታል።